ያልተከፈተው ግራማፎን

ዲላ ውስጥ የድሮ ዕቃ ዋጋ እገምታለሁ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌም ነኝ፤ እማማ ብርቅነሽ ያመኑኝ ለዚህ ነው።

ሟች ባለቤታቸው ያስመጡት ግራማፎን ከፋብሪካ እንደወጣ በሣጥኑ ውስጥ አለ፤ ሚስማሩ እንኳ አልተነካም። እንደታሸገ ቢሸጥ የሚያፈሰውን ጣሪያቸውን ያስቀይራል።

«መጀመሪያ ጸልይልን፣ ኢዮስያስ» አሉኝ። ዐይኔን ጨፍኜ ጸለይኩ። ከዚያም ዋጋው ከሣጥኑ እንጨት እንደማይበልጥ ነገርኳቸው።

እማማ ሳቁ። «ታዲያ ምን ያሳሳናል? ክፈተውና እንስማው!»

የምከለክልበት ምክንያት አልነበረኝም። ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ነቀልኩ። ግራማፎኑ ላይ አንድ ሸክላ ተቀምጧል። መዘውሩን አዙሬ መርፌውን አሳረፍኩት። ጥቂት ከተንኮሻኮሸ በኋላ የወንድ ድምፅ ተሰማ።

«አሮጊቷ የምታውቀው ነገር የለም። በርካሽ ወስጄ አዲስ አበባ እሸጠዋለሁ።»

ድምፁ የእኔ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ስጸልይ በልቤ ያሰብኩት ነው።

ፊቴ ጋለ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት፣ እማማ ዐይናቸውን ከሚሽከረከረው ሸክላ ሳያነሡ እጃቸውን አነሡ።

«ዝም በል፣ ልጄ» አሉ። «ገና አልጨረስክም።»