የአሥራት ባትሪ

እህቴ ሮሐ የምትተነፍሰው በኦክስጅን ማሽን ነበር። ባሏ አሥራት፣ "ዶንት ወሪ፣ መብራት ቢጠፋም በሶላር የሚሠራ ባትሪ እገጥምልሻለሁ" እያለ ዓመት ሙሉ አስጠበቃት። በዚያ ሙቀት የምንኖርበት የፌርፋክስ ከተማ መብራት ሲጠፋ፣ "መብራት መጣ?" እያለች ሞተች።

አርባዋ ከወጣ በኋላ ጣሪያው ላይ ሶላር ፓኔል ደረደረ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ገመዱንም ወደ መኝታ ቤቷ ሳበው፤ ለማን እንደሆነ እንጃለት።

"ናዝራዊት፣ ነይ እዪው፣ ባትሪው ሞልቷል" ብሎ ጠራኝና ማብሪያውን ተጫነ።

ስክሪኑ ላይ ባትሪው ይጎድል ጀመር።

"ምን ሰክተህበት ነው?"

"ምንም።"

የኦክስጅን ማሽኑን ያከራዩን ሰዎች የቀብሯ ሰሞን ወስደውታል። ከመኝታ ቤቷ ግን የማሽኑ ትንፋሽ ተሰማን። ቀጥሎ የእህቴ ድምፅ፦

"አሥራት፣ መብራት መጣ?"