ቤተሰቡ ሥራውን ቀጥሏል

«የአቶ ጌታነህ ቤተሰብ ኪሳራ ላይ ቢሆንም ሥራውን እንደወትሮው ቀጥሏል። የዛሬው ምሳ ሽሮ መሆኑን በታላቅ አክብሮት እንገልጻለን።»

ማስታወቂያውን ሶፋው ፊት ቆመው ያነበቡት ፍርድ ቤት የመደባቸው አስተዳዳሪ፣ አቶ ምንተስኖት ናቸው። ቤተሰብም እንደ ኩባንያ ሊከስር ይችላል የሚል ሕግ ከታወጀ ወዲህ፣ እንዲህ ያለ ከረባታም ያልገባበት ቤት ጥቂት ነው። አስካለ ባሏን ጌታነህን «የሽያጭ ክፍል» ብላ መጥራት ለምዳለች። ጉርሻም «ቁጥጥር የሌለው ወጪ» ተብሎ ከታገደ ሰንብቷል።

ዛሬ ግን ወጡን ማውጣት ጀምራ ጭልፋውን መልሳ ድስቱ ውስጥ ተወችው። ከምሳ በኋላ የባሏ አባት፣ አባባ ይመር፣ «ትርፍ የማያስገኝ ቅርንጫፍ» ተብለው ለማያውቁት ቤተሰብ ሊተላለፉ ነው።

«በዚህ ዕድሜያቸው የሰው ቤት እንዴት ይለምዳሉ?» አለች።

«ወይዘሮ አስካለ፣ እኔ የገቢና የወጪውን ሠንጠረዥ ነው የማየው።»

ትሪውን ከበቡ። አባባ ይመር የጉርሻውን እገዳ ሰምተዋል፤ ጆሯቸው የሰማውን ግን እጃቸው አልሰማም። ጠቅለል አድርገው አጠገባቸው ወደተቀመጡት አስተዳዳሪ አፍ ዘረጉ።

«በሞቴ!»

«አባባ፣ ክልክል ነው።»

«አፈር ስሆን ልጄ! ክልክሉንም አብረህ ዋጠው።»

አቶ ምንተስኖት ከረባታቸውን በእጃቸው ሰብስበው ጎረሱ። ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ጊዜ አኘኩ።

«ዝውውሩ...» አሉ አፋቸው እንደሞላ። ነገሩን ግን አልጨረሱትም።

አባባ ይመር እጃቸውን ወደ ትሪው መለሱ። ገና እንጀራውን ሳይቆርሱ የአቶ ምንተስኖት አፍ ተከፍቶ ይጠብቅ ነበር።