የዶና ኤርሜሊንዳ ፍሪጅ

በፖርቶ ከተማ አሮጌ ቤቶች ሶኬቱ የመሬት ሽቦ ስለሌለው፣ በባዶ እግሩ ፍሪጅ የሚነካ ሰው የለም። የጎማ ነጠላ ጫማው ሁልጊዜ ፍሪጁ ሥር ይቀመጣል።

ዶና ኤርሜሊንዳ እኔን ኤሌክትሪሺያኑን የጠሩኝ ባላቸው ሴቬሪኖ በተቀበሩ በሁለተኛው ሳምንት ነው።

«ይነዝረኛል» አሉኝ።

«በባዶ እግርዎ ነክተውት ነዋ፣ እማማ!»

«አንተ ልጅ፣ ስድሳ ዓመት የኖርኩበትን ቤት ልታስተምረኝ ነው? ነጠላ ጫማዬን አድርጌ ነው። ድሮ እንዲህ የሚነዝረኝ፣ ፍሪጁን እንደነካሁ ያ ባለጌ ሴቬሪኖ ከሻወር በባዶ እግሩ ወጥቶ ሌላኛውን እጄን ሲይዘኝ ብቻ ነበር። አሁን ይህን ብናገር ልጄ ጃጅተሻል ብላ መጦሪያ ልታስገባኝ ነው።»

ሳቅሁ። የሥራ ጫማዬን ወፍራም የጎማ ሶል አሳየኋቸውና ፍሪጁን በቀኝ እጄ ጀርባ ነካሁት። ምንም የለም።

«ይኸው! ደህና ነው።»

«ትንሽ ቆይ እስቲ» አሉ፣ የኩሽናው በር ላይ እጃቸውን አጣምረው እንደቆሙ።

እጄን ከፍሪጁ ሳላነሣ ቆየሁ። ድንገት ንዝረቱ ከቀኝ እጄ ተነሥቶ፣ ደረቴን አቋርጦ በግራ እጄ ወጣ።

«ያዘህ አይደል?» አሉኝ፣ ከበሩ ሳይነቃነቁ።

አፌን ከመክፈቴ በፊት፣ ግራ መዳፌ ውስጥ የገቡት እርጥብ ጣቶች ጨመቅ አደረጉኝ።