ፍሪጁን ያጠፋው ሰፈር

ድሬዳዋ፣ የልጄ የምንታምር ሰርግ ዋዜማ ነው። ዶሮ ወጡ ሳይበስል የግድግዳው ቆጣሪ ቀላና ምድጃው ጥፍት አለ። የወሩን የመብራት ድርሻችንን ጨርሰናል። ዘንድሮ ለየቤቱ የተመደበ ድርሻ አለ፤ ካለቀ ጎረቤት ካላካፈለ በቀር እስከ ወሩ መጨረሻ ምንም አይበራም።

«ማንንም እንዳትለምኚ!» አልኳት ምንታምርን። «በዚህ ሙቀት ማን ቬንትሌተሩን ያጠፋል?»

እሷ ግን ለጎረቤታችን ለዘርፌ ነግራት ኖሯል። ትንሽ ቆይቶ ቆጣሪው አረንጓዴ ሆነ፤ ምድጃውም ጋለ። እልል አልኩ።

ወዲያው በሩ ተንኳኳ። ዘርፌ ላቧን እየጠረገች ትልቅ ድስት ታቅፋ ቆማለች። ከኋላዋ ሰፈሩ በሙሉ አለ፤ ሥጋ የያዘ፣ ዓሣ የያዘ፣ የሚንጠባጠብ አይስክሬም የያዘ።

«ምንድነው ይሄ ሁሉ?»

«አቦ፣ ቬንትሌተሩ ቢያሳሳን ፍሪጃችንን አጥፍተን ነው ያካፈልንሽ! ታዲያ ይሄ ይበላሽ?»

ሰርጉ በዋዜማው ተጀመረ። ዶሮ ወጤ በስሎ ሲወርድ ሁሉም ጠግቦ ይጨፍራል። ለነገ ላስቀምጠው እንዳልል በሰፈሩ የሚሠራ ፍሪጅ የለም።

«ምን ላድርገው?» ብዬ ጮህኩ።

ዘርፌ እጄን ይዛ ወደ ጭፈራው ጎተተችኝ።

«ነይ ጨፍሪ! እስኪርበን ነው የምንጨፍረው!»