በረኪና የነካው ማጣሪያ

የወሩን ምርመራ ሊያደርግ የመጣው ሚስተር ከማጣሪያው የቀዳውን ውሃ ወደ አፉ ሲያስጠጋ የጽዳት ሠራተኛዋ ልጅ መወልወያዋን ጣለች። ያኒ እንግዲህ፣ እዚህ አረብ አገር የባውሽሪዬ ሰፈሩን ውሃ ፋብሪካ ማጣሪያ ጠዋት በበረኪና ፈትጋ ያጠበችው እሷው ናታ! ዝም ብትል ሰውየው ሊጠጣው ነው፤ ብትናገር ደግሞ ኸላስ፣ ሥራው አበቃ፤ ተመልሳ ማዳም ቤት ገረድነት።

"ሚስተር፣ እንዳትጠጣ! በረኪና አለው!" አለች።

ሰውየው ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ቢጮህባት ይሻላት ነበር። "ይሄ በውሃ ብቻ ነው የሚታጠበው። ማነው በበረኪና እጠቢ ያለሽ?"

አብራት የምትሠራው ጓደኛዋ እመቤት ክንዷን ጭምቅ አደረገቻት። እዚህ ሥራ ያስገባቻት እሷ ናት፤ "ሐቢብቲ፣ ማዳም ቤት በረኪና ያላጸዳው ምን አለ? ዝም ብለሽ አፍስሺበት!" ያለቻትም እሷ።

"ማንም" አለች ልጅቷ። "በራሴ ነው ያደረግኩት።"

እመቤት ክንዷን ለቀቀቻትና ቧንቧውን መወልወል ጀመረች።