የቄሣሩ ጎፈሬ

ቄሣሩ በነገሠ በሳምንቱ የሮማ ብር ማተሚያ ቤት ቀራጭ ለብር ሳንቲሙ መልኩን ቀረጸና አሳየው። መላጣውን መላጣ፣ ድርብ አገጩንም ድርብ አድርጎ እንዳለ ነበር ያወጣው።

“ይሄ እኔ ነኝ?”

“ዓይኔ ያየውን ነው፣ ጃንሆይ።”

“የቀጥቃጭ ዓይን ምን ያያል!” አለ ቄሣሩ። ሹማምንቱ በሳቅ ፈረሱ።

ቀራጩ ስድብ መዋጥ ድሮም ያውቅበታል። ለመላጣው ጎፈሬ አበቀለለት፣ አገጩን ሞረደለት፣ ከአናቱም የቅጠል ዘውድ ደፋለት። ብሩ ደመወዝ ሆኖ በየጦር ሰፈሩ ተበተነ፤ ወታደሩም ንጉሡን የሚያውቀው በዚያው መልክ ብቻ ነበር።

ዓመት ሳይሞላ የጦር አለቆቹ ከዱት። ቄሣሩ የሎሌ ልብስ ለብሶ ከቤተ መንግሥቱ አመለጠና ታማኝ ወታደሮች ወደሚጠብቁት ብር ማተሚያ ቤት ሮጠ።

“ክፈቱ፣ ንጉሣችሁ ነኝ!”

ዘበኛው ከመቀነቱ አንድ ብር አውጥቶ አስተያየ። “ወግድ፣ አንተ መላጣ! የኛ ንጉሥ ባለ ጎፈሬ ነው።”

“ቀራጩን ጥሩልኝ፣ እሱ ያውቀኛል!”

አሳዳጆቹ ከመንገዱ ጫፍ ብቅ ሲሉ ቀራጩ እጁን እየጠራረገ ወጣ።

“ጌታዬ፣ ንገርልኝ!” አለ ቄሣሩ።

ቀራጩ ሰውየውን አየ፤ ብሩንም አገላብጦ አየ።

“እኔ እንጃ ልጄ” አለው ዘበኛውን፣ “የቀጥቃጭ ዓይን ምን ያያል?”