የሦስተኛ ፎቅ ቃርሚያ

ቨርሊን ስትራውድ ዕድሜውን ሙሉ በኦሪገን ጫካዎች ዛፍ ሲጥል ኖሮ በመጨረሻ አንዱ ዛፍ እሱን ጣለው። ከዚያ ወዲህ ወገቡ ፋታ የሚሰጠው የካናቢስ እንፋሎት ሲስብ ብቻ ነው። ቅጠሉን ሳታቃጥል የምታግል የኪስ መሣሪያ አለችው። ጭስ የላትም፤ ሽታዋ ግን ያረረ ፈንዲሻ ይመስላል።

ቅጠሉን መንገድ ተሻግሮ ካለው ሱቅ እንደ ዳቦ በግላጭ ይገዛል፤ ግዛቱ ፈቅዷል። እሱና መሰሎቹ ሽማግሌዎች የሚኖሩበት ሕንፃ ግን በፌዴራል መንግሥት ድጎማ የቆመ ስለሆነ፣ እዚያ ይዞት የተገኘ ሰው ቤቱን ይለቃል። ይህን ደንብ ያወጣ ሰው ወገቡን ታሞ አያውቅም።

መሣሪያዋ ተጠቅማ የምትተወውን ቡናማ ትርፍ ቨርሊን አይጥለውም። ፊት ለፊቱ ለምትኖረው ለኦፓል ሬዲክ ይሰጣታል። ኦፓል ሰማንያ አልፏታል። በደህናው ዘመን በከተማዋ ሬዲዮ ለልጆች ተረት ታነብ ነበር፤ ቀበሮውም ዶሮዋም እሷው ነበረች። አሁን ጣቶቿ ተቆልምመዋል።

ትርፉን "ቃርሚያ" ትለዋለች። "አጫጅ የተወውን ድሃ ይለቅመዋል" እያለች ጠንካራ አረቄ ውስጥ ትዘፈዝፈዋለች፣ በየቀኑ ትወዘውዘዋለች፣ አጥልላ በጥቁር ጠርሙስ ትገለብጠዋለች። ምድጃ ውስጥ ማመስ የሚያስፈልገው ጥሬው ቅጠል ነው፤ ቃርሚያውን መሣሪያዋ ቀድማ አብስላዋለች። ጠብታው ሕመም እንቅልፍ ለነሳው የሦስተኛ ፎቅ ሰው ሁሉ ይዳረሳል። ከማቪስ ክራብ በቀር ማለት ነው።

ማቪስ ደረጃው ጫፍ ላይ ትኖራለች። በአፍንጫዋ ትናገራለች፣ በየሦስት ቃሉ ትስላለች፣ ኮሪደር ላይ የሰው ጫማ ካየች ለቢሮ ትደውላለች። እሷና ኦፓል ሲተላለፉ እንኳ ሰላም አይባባሉም።

ቅዝቃዜው ሲገባና መስኮት ሲዘጋ፣ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ክሌይ ሃስኪን የፈንዲሻውን ሽታ ተከትሎ በየበሩ ማነፍነፍ ጀመረ።

"ድፊው፣ ኦፓል" አላት ቨርሊን።

"አልደፋም።"

"ቤትሽን ታጪያለሽ። ከዚህ ወጥተሽ የት ልትገቢ ነው?"

"የትም መግቢያ የለኝም። ከዚህ የሚያስወጡኝ ሬሳዬን ተሸክመው ነው። ደንቡን ያ ሥራ አስኪያጅ ብቻ ያነበበው መሰለው እንዴ? እኔም ፊደል ቆጥሬያለሁ!"

ቨርሊን ወደ ቤቱ ተመለሰ። ያ ቡናማ ነገር ከእሱ እጅ የወጣ ነው፤ ኦፓል ብትባረር ጥፋቱ የእሱ መሆኑ ነው። ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሃስኪን የኦፓልን በር አንኳኳ። ቨርሊን ከዘራውን ይዞ ወጣ። ጎረቤቱም በየበሩ ብቅ አለ።

"ጥቆማ ደርሶን ነው፣ ወይዘሮ ሬዲክ። ቤትዎን ማየት አለብኝ።"

"ማነው ጠቋሚው?"

"የደወሉት ሰው ስማቸውን አልተናገሩም" አለ ሃስኪን። "ያው... ሳሉም በደንብ አላናገራቸው።"

የሁሉም ዓይን ወደ ደረጃው ጫፍ ዞረ። ማቪስ በሯ ላይ ቆማ የእጅ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ጭምቅ አድርጋ ይዛዋለች። ቨርሊን በከዘራው ሊላት ምንም አልቀረውም።

ሃስኪን መጀመሪያ ምድጃውን ከፈተ። ጥቆማው ኦፓል ቅጠሉን ምድጃ ውስጥ እንደምታምስ ይናገራል። ምድጃው ግን እስከ አፉ ድረስ ድስትና የሹራብ ክር ታጭቆበታል፤ እሳት ካየ ዓመታት አልፈውታል። ቃርሚያ እንደገና አይታመስም። ቨርሊን በሆዱ፣ "ሥራውን የማታውቅ ወሬኛ!" አለ።

ቀጥሎ ግን ሃስኪን ከዕቃ ማጠቢያው ሥር፣ ከአንድ ሰማያዊ ጨርቅ ጀርባ፣ ልክ እንደተነገረው ጥቁር ጠርሙሶች አወጣ።

"የእኔ ናቸው!" ብሎ ጮኸ ቨርሊን። "እኔ ነኝ ያስቀመጥኳቸው። እኔን አስወጣኝ!"

"አንተ ሰውዬ፣ አፍህን ዝጋ!" አለችው ኦፓል። ወደ ሃስኪን ዞራ፣ "ቅመሰው እንጂ፣ የኔ ልጅ። እንደ ሙሽራ ምን ያሽኮረምምሃል?"

ሃስኪን አሸተተ። በጣቱ ነክቶ ቀመሰ። ከዚያ ጠርሙሱን ዘቅዝቆ ሲነቀንቀው አንድ ረጅም ጥቁር እንጨት መሳይ ነገር መዳፉ ላይ ወደቀ።

"ቫኒላ ነው" አለ ቀስ ብሎ።

"ምን ጠብቀህ ነበር? ለገና ኬክ የዘፈዘፍኩት ነው። አሁን ደግሞ ደንቡ ምን እንደሚል ለጎረቤቶቼ ንገርልኝ።"

ሃስኪን ፊቱ ቀላ። "በጥቆማ ተፈትሾ ምንም ያልተገኘበት ቤት ለአንድ ዓመት አይፈተሽም።"

"ጮክ በል፣ ጆሮዬ ደክሟል!"

ጮክ ብሎ ደገመው። ኮሪደሩ በጭብጨባ ተናወጠ። አንዱ ወደ ደረጃው ጫፍ ዞሮ "ይሁዳ!" ሲል፣ ማቪስ እየሳለች ገብታ በሯን ድርግም አደረገችው።

ሰዉ ሲበተን ቨርሊን ከኦፓል ጋር ገብቶ ወንበር ላይ ዘጭ አለ።

"ቃርሚያውስ? ደፋሽው?"

"አልደፋም አላልኩህም?"

"ታዲያ የት አለ?"

ሳትመልስለት በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተና ማቪስ ገባች። ቨርሊን ከዘራውን አንስቶ ብድግ አለ።

"ነውር አታውቂም? ደግሞ እዚህ ምን ቀረሽ?"

ማቪስ ከነመኖሩም አልቆጠረችውም፤ የእጅ ቦርሳዋን ከፍታ ጥቁሮቹን የቃርሚያ ጠርሙሶች አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረችና፣ "ስትደውዪ የግድ እንደኔ መሳል ነበረብሽ?" አለቻት ኦፓልን።